ድምፃችን ያልተሰማበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ደውላ፣ «እማማ አሪየት፣ ስለ ድሮው የተረት መጽሐፍዎ በሬዲዮ ያጫውቱን» አለችኝ። አስቤበት እደውልልሻለሁ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። 

በደርግ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። አክስቴ አባላ የምትነግረኝን የሕዝባችንን የአኙዋን ተረት በአማርኛ እጽፍ ነበር። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ጽሑፌን የሚያርሙልኝ የአማርኛ መምህሩ ጋሽ ተስፋዬ ነበሩ። የደጋ ሰው ናቸው፤ ሙቀቱ እያንገላታቸው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ከደብተሬ ጋር ይውላሉ። እንደ አባት ነበር የማያቸው። መጽሐፉ በሁለታችን ስም ታተመ።

ታተመ እንጂ የሚያውቀው አልነበረም። ጋሽ ተስፋዬ ለሬዲዮ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈው አንድ ጋዜጠኛ በአውሮፕላን መጣ። ማንጎ የሚበስልበት ወቅት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ማንጎ ሥር ተቀምጠን አባላ ተረቷን ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ። ጋዜጠኛው የቀዳውን መልሶ ሲያሰማት አባላ ደንግጣ፣ «ይህቺ ሴትዮ ደግሞ ማናት?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ማታውኑ ጋዜጠኛውን እንግዳ ማረፊያው ድረስ የሸኙት ጋሽ ተስፋዬ ነበሩ።

የሚተላለፍበት እሑድ አባላ ከመንደሯ በእግሯ መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። የባሮ ዓሣ ቀቅለን፣ የበቆሎ ገንፎ አገንፍተን ሬዲዮውን ከበብነው።

የወጣው የጋሽ ተስፋዬ ድምፅ ነው። «ከጎጆ ጎጆ እየዞርኩ የሰበሰብኳቸው ተረቶች ናቸው» አሉ። «አንዲት የአካባቢው ተወላጅም በማስተርጎም ረድታኛለች።» በቃ። ስሜ እንኳ አልተጠራም።

አማርኛ የማትሰማው አባላ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አስጠግታ፣ «እኔ የምናገረው መቼ ነው?» አለችኝ። እጄን ሰድጄ ዘጋሁት። «የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ አለቀ» አልኳት።

ሰኞ ጋሽ ተስፋዬን ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ጠብቄ፣ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ አማርኛሽ ይሰባበራል። ያን ማታ ለብቻዬ የተቀዳሁት አዲስ አበባ እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው፤ ላንቺው አስቤ።»

«አክስቴስ? እሷ የተናገረችው በአኙዋ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ፣ «የሁለተኛውን መጽሐፍ ደብተር መቼ ታመጪልኛለሽ?» አሉኝ።

«አላመጣም፣ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲያ ለሰላምታ እንኳ አልቆምንላቸውም፤ እኔም እግሬም። በዓመቱ ተዛውረው ሄዱ። ሁለተኛው መጽሐፍ ሳይታተም ቀረ፤ የማምነው አራሚ አጣሁ።

ሰው ይቅር በይ ይለኛል። የሚገርመኝ፣ ስሜን መውሰዳቸው እየደበዘዘ ሄዷል። የማይደበዝዘው በዚያ እሑድ ለአባላ የዋሸሁት ነው። ለሳቸው ክህደት መሸፈኛ ያበጀሁት እኔው ራሴ ነኝ። እሷም እስክትሞት ድረስ ድምፅዋ አዲስ አበባ ደርሷል ብላ ለመንደሩ ታወራ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለጋዜጠኛዋ ደወልኩ። «እመጣለሁ» አልኳት፤ «ግን ማረም፣ መቁረጥ የለም። አማርኛዬ ቢሰባበርም እንዳለ ይውጣ።»