በስልክ ያቆየናት እናት

የሚስቴ ወንድም በያጅ ነው። ለሰው በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ፣ ሰው አገር ሄዶ የብረት በር ተዘጋበት። ጥፋቱ የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜ ማለፉ ነው፤ ፓስፖርቱን የያዘበት አሠሪው ደግሞ አላውቀውም ብሎ ካደው። "እኔ የበየድኩት በር ቢሆን ኖሮ የቱ ጋ እንደሚላቀቅ አውቅ ነበር" ይላል ዛሬ። እንስቃለን፤ ምን እናድርግ?

በወር አንዴ ስልክ ይፈቀድለት ነበር። አማቴ ጆሯቸው ስለደከመ ሌላውም ሰው የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ "በልተሃል ወይ?" ብለው ሲጮኹ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። "እማማ፣ ስልኩን ይተዉትና በመስኮት ይጣሩ፣ ይደርሰዋል" እያልኩ አበሽቃቸው ነበር። እሱም "እህል የምቀምሰው እማዬን ለማየት ብዬ ነው" ይለን ነበር።

ሞት ግን ቀጠሮ አያከብርም። አማቴ ሲያርፉ ጨነቀን። ለታሰረ ሰው እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ ይነገራል? ምግብ እርም ቢልስ? የሚስቴ ድምፅ የእናቷ ቁርጥ ነው። ሲደውል ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ፣ ለቅሶዋ እንዳያመልጣት በቀስታ፣ "ልጄ፣ በልተሃል ወይ?" አለችው።

"በልቻለሁ፣ እማዬ።"

ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እስኪፈታ እንዲሁ ቀጠለች። በየወሩ እናቷን እንደ አዲስ ትቀብር ነበር፤ እኔም አጠገቧ ከመቆም በቀር አልረባኋትም።

የመጣ ዕለት መርዶውን በመንገር የሚያግዙን ጎረቤቶች ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁት። ጥርሱ ረግፎ፣ ኮቱ ሰፍቶት ገባ። ማን ይጀምር ብለን ስንተያይ፣ በቀጥታ እናቱ ክፍል ገብቶ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ በቃሽ፣ አትጨነቂ" አላት። "ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። እማዬ ስልክ ላይ ሳትጮህ አውርታ ታውቃለች?"

ሚስቴ አጠገቡ ተቀመጠች። "ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እማዬ ብዬ የምጠራው ሰው ካጣሁ፣ እዚያ ለማን ብዬ እበላለሁ?"

ከዚያ "እስቲ አንድ ጊዜ እንደ እሷ ጠይቂኝ" አላት። ሚስቴ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንደገና ሞከረች። በመጨረሻ ዐይኗን ጨፍና "በልተሃል ወይ?" ብላ ጮኸች፤ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ያኔ ነው ፊቱን ትራሱ ላይ ደፍቶ እናቱን ያለቀሰው።

"አልበላሁም፣ እማዬ" አለ።