የአራት ቁጥር ክፍል ዘፈን

ሆቴልን የሚያሞግስ ዘፈን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እንግዳ መጣ፣ አልጋ ተነጠፈ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ሲነጋ መኪናው ሄደ፣ እሷም በር ላይ ቀረች፤ ሁሉም ይኸው ነው። ዘፈኖቹን የገጠሙት ሆቴል አንድ ሌሊት አድረው የወጡ ሰዎች መሆን አለባቸው። አንድ ሌሊትማ ማን ይጠላል? እኔ ግን ቆቦ ላይ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ። አደርኩ አላልኩም፣ ኖርኩ ነው ያልኩት። ከነዚያ ሁሉ ዘፈኖች አንዱ እንኳ ስለ ትኋን ሲያነሳ አልሰማሁም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከትልቁ ድርቅ በፊት ያሉት ዓመታት። ከደሴ ወደ ቆቦ በመምህርነት ስዛወር ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ተቃርባ ነበርና አባቷ ቤት ትቻት መጣሁ። ቤት እስካገኝ ነው አልኳት። ቤት ማግኘት ምን ያስቸግራል ብዬ! ለካ ትርፍ የተባለው ቤት ሁሉ ተወርሷል፣ የተወረሰው ታድሏል፣ ያልተወረሰውን ደግሞ ባለቤቶቹ ማከራየት ይፈራሉ። ቀበሌ በተመላለስኩ ቁጥር ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጓድ መምህር፣ ትንሽ ታገስ» ይለኛል። ታገስኩ። ምን አማራጭ አለኝ?

ያረፍኩበት ሆቴል ራሱ የተወረሰ ነው። የድሮ ባለቤቱ አንዲት ኮስታራ የራያ ሴት ነበረች፤ በገዛ ቤቷ ተቀጣሪ ሆና ለቀበሌው አልጋ ታከራያለች። ክፍሎቹ ግቢውን ከበው በተርታ የተሠሩ ናቸው፤ ጣራቸው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር የላቸውም። የቆቦ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ስታግለው ትውልና ሙቀቱ ማታ እኛ ላይ ይወርዳል። ግማሹ እንግዳ ፍራሹን እየጎተተ በረንዳ ላይ ያድራል። የኔ ክፍል ደግሞ ዕድሌ ሆኖ ከቡና ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የቡና ቤቱ ቴፕ የተቀመጠው ልክ ከራስጌዬ ጀርባ ነው። እኔ ወዲህ ሆኜ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ ወዲያ ሆቴል ይሞገሳል።

ይባስ ብሎ ሾፌሮቹ አሉ። ያን ጊዜ መኪና ወደ ሰሜን የሚሄደው በወታደር ታጅቦ ነው። አጀቡ ካልመጣ መኪናው ሁሉ ቆቦ ላይ ይከማቻል፤ ሾፌሩም ቢራውን ይዞ ይቀመጣል። የቴፑ ዘፈን ሲሰለቻቸው የራሳቸውን ይገጥማሉ። በመንገዳቸው ካሉት ከተሞች የዋጃን አልጋ ያሞግሳሉ፣ የሮቢትን አስተናጋጅ ያሞግሳሉ፣ አንዱ የሰጠውን ስንኝ ሌላው ይቀበለዋል። ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ሁሉም ሚስትና ቤት አላቸው፤ ሆቴሉ ለነሱ የመንገድ ጨዋታ ነው። እኔን «መምህሬ፣ ምን ጎደለህ? ዘለዓለም ሽርሽር ላይ ነህ» ሲሉኝ አንቀህ ግደላቸው ይለኛል።

ልጃችን ተወለደች። ሴት ናት። ክረምት ላይ ደሴ ሄጄ አየኋት፤ ታቅፌያት ሳልጠግብ ገና በነሐሴ ለተማሪ ምዝገባ ተጠራሁ። ሁለቱን ይዤ ልመለስ ብዬ ለአማቴ አነሳሁላቸው። አማቴ ነጋዴ ናቸው፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። የት ነው የምትኖረው ብለው ጠየቁኝና ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ወላሂ፣ ልጄን ቡና ቤት ውስጥ አላስቀምጣትም» አሉ። «ቤት ስታገኝ ናና ውሰድ።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዘመን ሆቴል የምትኖር ሴት ምን ተብላ እንደምትጠራ የማያውቅ የለም። ሚስቴ በር ድረስ ሸኘችኝ። ቶሎ በል ብቻ አለችኝ። እኔም ብቻዬን ወደ አራት ቁጥር ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የአብዮት በዓል ደርሷል፤ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን በሌላው ቀበሌ ኪነት እንዳይበለጥ ጨንቆታል። ያለፈው ዓመት ዘፈናቸው ስለ ትራክተር ነበር፤ ቆቦ ላይ ደግሞ ትራክተር ያየ ሰው ስላልነበረ ሕዝቡ አላጨበጨበም። አንተ አማርኛ አስተማሪ ነህ፣ ስለ ከተማችን አንድ ግጥም ጻፍልን አለኝ። እኔም ቤቱስ? አልኩት። ቤቱን ለኔ ተወው አለ። ደረቱን ሁሉ መታልኝ።

ተቀመጥኩ ልጽፍ። ስለ ማሽላው ሞከርኩ፣ ስለ ገበያው ሞከርኩ፣ አልመጣ አለኝ። ከግድግዳው ወዲያ ቴፑ ያንኑ የአልጋና የመለያየት ዘፈን ያንቋርራል። ደሜ ፈላ። የተናደድኩትን እንዳለ ጻፍኩት፦

ፍራሹ የመንግሥት፣ የቀበሌ ነው ቤት፣
የራሴ የምለው፣ ያፈሰስኩት ላበት።
ጎረቤቴ በዝቶ፣ ስሙን አላውቀውም፣
ማታ ሰላም ብሎኝ፣ ጠዋት አላየውም።
ቆቦ ደግ አገር ነው፣ እህሉም ያጠግባል፣
ቤት ለሌለው አባት፣ ጥጋብ ምን ያደርጋል።

ስጨርስ ቀለል አለኝ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ሊቀመንበሩ በቢሮው ስነግረው አላፈረም፣ ሕዝብ ፊት ሲዘፈንበት ግን ያፍራል። አፍሮ ቤት ይሰጠኛል። ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ ሚስቴና ልጄ የሚገቡባት አንዲት ክፍል፣ በሯ ወደ ቡና ቤት የማይከፈት።

ልምምዱ በቀበሌው ክበብ ውስጥ ነበር። እኔ የፈለግሁት በክራር ብቻ፣ ረጋ ብሎ፣ አንጀት እንዲበላ ሆኖ እንዲዘፈን ነው። የመጀመሪያውን ቀን እንደዚያ ሞከሩት። ዘፋኟ የዚያው የከተማው ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ያለ ማይክራፎን ገበያውን አቋርጦ ይሰማል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከተዘፈነማ ሰው ይተኛል» አለችኝ።

ከበሮ መቺው ይህን ነበር የሚጠብቀው። አንዴ በራያ ምት ሲመታው ቤቱ ተናጋ። እግር መሬት ይደበድባል፣ ዱላ ይወዛወዛል፣ አቧራው ይነሳል። ራያ ላይ ከበሮ እንደዚያ ከተመታ በኋላ ስንኙ ስለ ሠርግ ይሁን ስለ ሐዘን የሚመረምር ሰው የለም፤ እግር ያዛል፣ ሌላው ይከተላል። «ጎረቤቴ በዝቶ» ስትል ጉራ የምትነዛ ነው የሚመስለው! ስሙን አላውቀውም፣ እልል! ጠዋት አላየውም፣ እልል! አይሆንም፣ ይህ እኮ ብሶት ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ላብ በላብ ሆነው አዎ ጋሼ፣ አዎ ጋሼ እያሉ ጨፈሩብኝ።

የአውራጃው ካድሬ ዘፈኑን ሊመረምር ሲመጣ ነገሩ ይገባዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሱ ቆሞ ሰማ፣ ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ አዝማች ይጎድለዋል ብሎ «ሆቴላችን የእንግዳ እናት» የሚል ጨመረበት። ያላህ ያለህ! የእንግዳ እናት!

ግን ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በበዓሉ ዋዜማ ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ ቤትህ ተዘጋጅቷል፣ ነገ ሕዝብ ፊት ነው የምናስረክብህ ስላለኝ ነው። ከቢሮው ስወጣ መሬት አልረገጥኩም። ቀጥታ መኪና መቆሚያው ሄጄ ወደ ደሴ የሚወርድ የማውቀውን ሾፌር ያዝኩ። ቤት አግኝቷል፣ ነይ ብሎሻል በላት አልኩት። ሾፌሩም አቅፎ ሳመኝ።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ሞልቷል። ከጎብዬ ሁሉ የመጣ ሰው ነበር። የኛ ኪነት ሲወጣ ምድር ቀውጢ ሆነ። ሽማግሌ ዱላውን ይዞ ገባ፣ ተማሪዎቼ ገቡ፣ ወታደሮቹ ሳይቀሩ በቦት ጫማቸው መሬቱን ደበደቡት። እኔ ዓይኔን ከሊቀመንበሩ ፊት አልነቀልኩም። «ቤት ለሌለው አባት» የሚለው ሲመጣ ምን ዓይነት ፊት ያሳይ ይሆን ብዬ። ያጨበጭብ ነበር። ካኪው በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ፣ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ማይክራፎኑን ያዘ። ጓድ መምህር በሆቴላችን ፍቅር ምን ያህል እንደተነካ ከዘፈኑ ሰማችሁ አለ። የእንግዳ እናት ልጇን አታስወጣም አለ። ስለዚህ ቀበሌው ከዛሬ ጀምሮ አራት ቁጥር የጓድ መምህር የራሱ ቤት እንዲሆን ወስኗል፣ ከእንግዲህ እንግዳ አይደለም። ሕዝቡ እልል አለ። ቁልፉን በቀይ ጨርቅ አስሮ ሰጠኝ። ጠዋት የሆቴሏ ሴትዮ ክፍሉን ልታጸዳ ብላ ከእጄ የተቀበለችኝ ቁልፍ ነው።

ምን ብዬ ልመልሰው? መድረክ ላይ፣ በዚያ ዘመን፣ የቀበሌ ሊቀመንበር እጄን ይዞ! አመሰግናለሁ አልኩ። ሰውዬው ዘፈኑ እውነት ሳይገባው ቀርቶ ነው፣ ወይስ ከሁላችንም በላይ ገብቶት ነው? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሲመስለኝ ገብቶታል፣ ልቡ ያውቀዋል።

ለሚስቴ አትምጪ ብዬ ለመላክ ሾፌር ሳፈላልግ እሷ ቀደመችኝ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ የሆቴሉ ግቢ ስገባ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። በሩ ሥር ሳፋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ በገመድ የታሰረ የልብስ ጥቅል ተደርድሯል። ቤት ልትሠራ ነው የመጣችው። ከግድግዳው ወዲያ ቴፑ ይጮሃል። ሁሉንም ነገርኳት፣ ዘፈኑንም፣ መድረኩንም፣ ቁልፉንም። ነገ የሚወርድ መኪና አለ፣ እስኪስተካከል ተመለሽ አልኳት።

«አባዬን ተጣልቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «ቤቱ ሳይታይ አትሄጂም ሲለኝ፣ ባሌ አይዋሽም ብዬው ነው የወጣሁት። አሁን ምን ብዬ ነው የምመለሰው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ውኃ የት እንደሚቀዳ ጠየቀችኝ።

ሊቀመንበሩ ጋ እንደገና ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ሚስት አለችኝ፣ ልጅ አለችኝ ብዬ። «አንተ እኮ ቤት ወስደሃል» አለኝ፤ እንደ መገረም አድርጎት። «እስቲ ለሌላውም እናስብ።» ከዚያ በፊት ቤት የሌለኝ ሰው ነበርኩ፣ ተስፋ ነበረኝ። አሁን ተስፋውንም ዘፈኔ በላው።

ዘፈኑማ ገነነ። ሮቢት ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ሙሽራው ፊት በኔ ብሶት ሲጨፈር አየሁ። ሾፌሮቹም ያዙት። ማታ ማታ ከራስጌዬ ጀርባ ጠረጴዛ እየደበደቡ ጎረቤቴ በዝቶ ይሉልኛል፤ ልጄ ትነቃለች፣ ሚስቴ እሷን እያባበለች ታየኛለች። ወጥቼ ተዉኝ ስላቸው ደራሲው መጣ ብለው ቢራ ይጋብዙኛል። የሆቴሏ ሴትዮ ብቻ ናት የተረዳችን። የኛን በር በስህተት የሚያንኳኳ እንግዳ ካለ ካለችበት ሆና በስድብ ታጥለቀልቀው ነበር፤ ይህ ሆቴል አይደለም፣ የሰው ቤት ነው እያለች።

ልጃችን እዚያው ማደግ ያዘች። እንግዳ ሁሉ ይወዳታል። ሾፌር ይስማታል፣ የአፋር ግመል ነጋዴ ተምር ያስጨብጣታል፣ ሌላ አገር የተመደበች ነርስ ታቅፋት ታመሻለች። ጠዋት ክላክስ ሲሰማ ሁሉም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ሁሉም እጁን ያወዛውዝላታል፤ ሌላ ሰው ይመጣል፣ እሱም በማግስቱ እንደዚያው። ሚስቴ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ተቀምጣ በይ አባዬ በይ፣ በይ እማዬ በይ ትላታለች። ልጅቷ ከንፈር ከንፈሯን ታያለች፣ ትስቃለች፣ አትልም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች። ማንም ሳይይዛት ስትቆም ገና የመጀመሪያዋ ነው። ሚስቴ በር ላይ ሆና እንዳላስደነግጣት በጣቷ ምልክት ሰጠችኝ። ደብተሮቹን መሬት አስቀምጬ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁላት፣ ነይ ወደ አባዬ አልኳት። አወቀችኝ፤ ፊቷ በራ። አንድ እጇን ከምሰሶው አላቀቀችና አወዛወዘችልኝ።

«ቻው» አለችኝ።