ትኬት ገዝተው የማይገቡ ሰዎች

ከጀጎል ግንብ፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሜ ትኬት ስቀድድ ነው ያረጀሁት። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ የቆመ ነው፤ ሰው ግን አነባለሁ። ማን ያለ ትኬት ሾልኮ ሊገባ እንዳሰበ ከአረማመዱ አውቃለሁ።

አምና ክረምቱ እንደወጣ ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ አንድ ፊልም አመጣ። ኩላሊቱ የከዳው ሰውዬ ታሪክ ነው፤ ቀልድ ነው አለኝ።

«ምኑ ነው ቀልዱ?» አልኩት።

«ሊሞት ነው ተብሎ ዘመዶቹ ገና ሳይሞት ይጣሉበታል። አዲስ አበባ ሰው በሳቅ ነው የፈረሰው፣ አባባ።»

«እዚህ አይፈርስም። በታመመ ሰው አይሳቅም።»

ቃሌን አልወደደውም፤ ጨንቆት ነበር። የአዳራሹ ባለቤቶች ቤቱን ለሲሚንቶ መጋዘን ሊያከራዩት ፈልገዋል። ይህ ፊልም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ካላመጣ እሱም፣ እኔም፣ ትኬት ሻጯም ወደየቤታችን ነን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የገባው ሰው አሥራ አንድ ነው። አንዱ ደግሞ እንቅልፉን ሊተኛ የመጣ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄጄ ባይ፣ ልጅቷ ሁለት ጥራዝ ትኬት ጨርሳ ሦስተኛውን ጀምራለች።

«ይሄ ሁሉ ለማን ተሸጠ?»

«ለሰው ነዋ፣ አባባ።»

«ሰውየው የታለ?»

«እኔ መሸጥ ነው፤ ማስገባቱ የእርስዎ ነው።»

ነገሩ አልጣመኝም። መጀመሪያ እሷን ጠረጠርኩ። ግን ሌባ አንዱን ትኬት ሁለቴ ይሸጣል እንጂ ከገባው ሰው በላይ ሸጦ ገንዘቡን አያስረክብም። ቀጥዬ ኃላፊውን ጠረጠርኩ፤ ባለቤቶቹን ሊያታልል ዘመዶቹን እየላከ ያስገዛ ይሆናል ብዬ።

እሁድ በሩን ገርበብ አድርጌ ከመስኮቱ ትይዩ ቆምኩ። አንድ ነጋዴ መጣ፤ ሦስት ትኬት ቆርጦ ለልጅቷ «ፈጣሪ ይማረው» አላትና ትኬቶቹን ኪሱ ከቶ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ አቀና።

«ወንድሜ፣ በሩ በዚህ ነው!» ብዬ ተጣራሁ።

«አውቃለሁ አባቴ፤ ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎኝ ሄደ።

ከዚህ በላይ ምን? ከእሱ ኋላ የመጡትም ልቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ገዝተው ሄዱ። ግማሹ የጀጎል ሰው ነው። ኃላፊው ደግሞ ከድሬዳዋ የመጣ ነው፤ ይሄን ሁሉ ዘመድ ጀጎል ውስጥ ከየት ያመጣል?

በዚህ መሀል አንድ የማውቃቸው የጀጎል እናት መጡ። ሚስቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ሳያሰልሱ ይጠይቋት ነበር። አሁንም ስድስት የአፎቻቸውን ሴቶች፣ ማለት የሠርግና የሐዘን ማኅበራቸውን፣ አስከትለው፣ ትኬት ቆርጠው፣ ብርቱካንና የታሸገ ጁስ በፌስታል ይዘዋል።

«በሽተኛው በየት በኩል ነው የተኛው?» አሉኝ።

«የምን በሽተኛ?»

«ይሄ ነዋ!» በከዘራቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር ነኩት። የከሳ ሰው አልጋ ላይ ተንጋሎ፣ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፊልሙን በባጃጅ እየዞረ ያስተዋወቀው ሰው ሌላ ጊዜ በድምፅ ማጉያ ለታማሚ እርዳታ የሚለምነው ራሱ ነው። ፊልሙን አላየውም። የሰጡትን ወረቀት በለመደው የልመና ድምፅ በሐረሪኛም በኦሮምኛም በአማርኛም ሲጮህ ሰንብቷል፦ «ኩላሊቱ ከድቶታል! ቅዳሜና እሁድ ይጠብቃችኋል! ትኬት ቆርጣችሁ ከጎኑ ቁሙ!» ከተማው ትኬቱን የገዛው እንደ መዋጮ ነው።

ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። አልደነገጠም።

«ትናንት ገብቶኛል። ዝም ይበሉ። የዋሸነው የለም፤ ወረቀቱ ላይ ፊልም ይላል። እነሱም ዋጋቸውን ከላይ ያገኛሉ፣ አዳራሹም ይተርፋል። እርስዎስ በዚህ ዕድሜዎ የት ይሄዳሉ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ወጋችኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ያ በር ብቻ ነበር። ቢሆንም ወጣሁና ሴትዮዋ ፊት ቆምኩ።

«እማማ፣ ሰውዬው አልታመመም። ተዋናይ ነው፤ ጤነኛ ነው። ፊልሙም የሳቅ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ደብቅ ተብለህ ነው?»

«በእመቤቴ፣ እውነቴን ነው።»

«በሚስትህም ጊዜ እንዲህ ስትል ነበር። ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው፤ እስክትቀበር ድረስ ቀላል ነው አልከን። እኛም አምነንህ ዱዓችንን አሳጠርን።»

ከኋላቸው አንዷ «እንዲህ የሚክዱት ሲብስበት ነው» አለች።

እኛ ዘንድ የከፋ በሽታ ስሙ አይጠራም፤ ለታማሚውም ለጠያቂውም አይነገርም። ሚስቴ ራሷ እያወቀችው፣ እኔ እንዳልሰጋ ብላ «ጨጓራዬ ነው» ትለኝ ነበር። ታዲያ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ «ጤነኛ ነው» ሲል ማን ያምነዋል?

«እንግዲያው ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩ» አልኩ።

ሰባቱም ገብተው የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። በሩን ትቼ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብርቱካኑን ልጠው ለእኔም አካፈሉኝ፤ ለረጅም ጊዜ ግን የሳቀ የለም። ኋላ ዘመዶቹ ደጅ ቆመው ለጠያቂ «ጨጓራ ነው» ሲሉ፣ ሰውዬው ከአልጋው «ኩላሊቴ ነው! ቢያንስ ስሙን አስተካክሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። የሴትዮዋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ።

«ውሸታሞች!» አሉ ጮክ ብለው፣ ወደ እኔ ዞረው። «ሁላችሁም!» ከዚያ ሳቁ፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስድስቱም ተከተሏቸው። በፊልሙ ይሁን በእኔ የሳቁት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስንወጣ ገንዘባችሁን ተቀበሉ ብላቸው እምቢ አሉ። «ለታመመ ብለን በልባችን ነይተን ያወጣነውን አንመልስም። እውነቱን ግን ጀጎል ውስጥ እናገራለሁ።»

ተናገሩም። በሁለተኛው ሳምንት የገዛው ሰው ሁሉ ገባ፣ ሳቀም፤ ግን አንድ ጥራዝ እንኳ አላለቀም። ባለቤቶቹ ውሉን ከሲሚንቶ ነጋዴው ጋር ተፈራረሙ።

ኃላፊው ቁልፉን ሲረከበኝ «ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬም በሩ ላይ ነበሩ» አለኝ።

«ዝም ማለቱን ሞክሬዋለሁ» አልኩት። «ለሚስቴ የሚደረገውን ዱዓ አስጎድሎብኛል።»

ቁልፉን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አገላብጦ አየው፤ ሌላ ቁልፍ አስቀርጬበት ያስቀረሁ መስሎት ነው። አላስቀረሁም።