ወጀብ ብቻ የሚያሳየው ባሮሜትር

አባቴ ምጽዋ ውስጥ በባሕር ኃይል ያገለገለ መርከበኛ ነበር። እናቴ ስታርፍ ብቻውን ልተወው ስላልቻልኩ ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ወደተከራየሁት ቤት አመጣሁት። ከሳሎኑ መስኮት ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ መርሳት ጀምሮት ነበር፤ ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ «ምሳ አልደረሰም?» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ሙየንጋ ሰፈር ወደ አገራቸው የሚመለሱ ባልና ሚስት የቤት ዕቃቸውን ሲሸጡ፣ የአየር ግፊት ለክቶ ወጀብ ሲመጣ የሚጠቁም አሮጌ ባሮሜትርና አንድ ሰዓት አየሁ። ሁለቱም የናስ ክፈፍ ያላቸው፣ የመርከብ መሪ በሚመስል እንጨት ላይ ጎን ለጎን የተገጠሙ ናቸው። ለአባቴ ብዬ ገዛኋቸው።

ግድግዳው ላይ ስሰቅላቸው ፊቱ በራ። ናሱን በሸሚዙ እጅጌ ወለወለው፤ ሰዓቱን ራሱ ሞላው። ከዚያ የባሮሜትሩን መስታወት በጣቱ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ወርዷል» አለ።

«ምኑ ነው የወረደው አባዬ?»

«ቀስቱ! እንዲህ ወርዶ አይቼ አላውቅም። ወጀብ እየመጣ ነው።»

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር። መሣሪያው የተሠራው ለባሕር ጠረፍ ነው፤ ካምፓላ ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቀስቱ ዝናብም ሆነ ፀሐይ፣ ወጀብ ከሚለው ጽሑፍ በታች ወድቆ ይቀራል። እኔ ይህን የተረዳሁት ኋላ ነው። ጤነኛው አባቴ ቢሆን ኖሮ ገና ሳልሰቅለው ይነግረኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አጣን። መስኮቱን ዝጉ ይላል፤ ምግብ አይነካም። ባሮሜትሩን አውርጄ ብደብቀው ቁም ሣጥኑን ሁሉ እየበረበረ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መልሼ ሰቀልኩት።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ተከፍቷል፤ ቤት የምታግዘኝ ሴት መንገድ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አባቴ ሹልክ ብሎ የወጣው እሷ ልብስ ስታጥብ ነው። ወደ ሐይቁ ሳይሄድ አይቀርም ብዬ፣ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ይዤ ሉዚራ፣ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አባቴ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ የአንዱን ጀልባ ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጧል።

«ተመለሱ! እንዳትወጡ!» እያለ በአማርኛ ይጮኻል። በዕድሜዬ ሰምቼ የማላውቃቸውን የሰው ስሞች ይጣራል። ዓሣ አጥማጆቹ መጀመሪያ ስቀው ነበር መሰለኝ፤ እኔ ስደርስ ግን የሚስቅ አልነበረም። አንዱ እንዳይወድቅ በብብቱ ደግፎታል።

«አባዬ፣ በቃ፣ ና እንውጣ» አልኩት።

«ልጆቹ እኮ ያልቃሉ!» አለኝ። ማን መሆኔን አላወቀም።

በነጋታው ባሮሜትሩን አውርጄ፣ ከጀርባው ያለችውን ብሎን አዙሬ ቀስቱን መልካም አየር ላይ አቆምኩት። አባቴ ጠጋ ብሎ አየው።

«ይሄን የነካው ሰው አለ» አለ። «አሁንማ ወጀቡ መቼ እንደሚደርስ በምን እናውቃለን?»

የባሰ ሆነ። ቁጭ ማለት አቃተው፤ በመስኮቱና በግድግዳው መካከል ይመላለስ ጀመር። እኔም አቅሜ አልቆ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ብቻ ተነሥቼ ፊቱ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ተረኛው እኔ ነኝ። እርስዎ ይረፉ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ዓይንህን ከቀስቱ ላይ እንዳትነቅል» አለኝ፣ ሴት ልጁን እንደ ወንድ ባልደረባው። ሶፋው ላይ ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ እኔ ከፊቱ ካልቆምኩ አይተኛም፣ አይበላም። ሥራዬን ለቀቅኩ። በመጨረሻዎቹ ወራት መነሣት ሲያቅተው አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ከአረንጓዴ ሙዝ የሚሠራውን ማቶኬ በማንኪያ አጎርሰዋለሁ። «ጎበዝ ወታደር ነህ» ይለኛል። ደስ ይበለው ብዬ «አቤት ጌታዬ» እላለሁ። እስኪያርፍ ድረስ አንድም ቀን ልጄ ብሎ አልጠራኝም።