ፀሐይ ሬዲዮዬን ዝም ያሰኘችበት ቀን

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የአጭር ሞገድ ሬዲዮዬ ዜና እያወራ ድንገት ዝም አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የባትሪ ድንጋዩም አዲስ ነው።

ሬዲዮውን በቀደም ወደ ጠገነልኝ ወደ ሰይድ ሱቅ ሄጄ፣ ገበያተኛ ፊት «አበላሸኸው» ብዬ ተቆጣሁት።

«እትዬ ዘሀራ፣ ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ነበር አሉ፤ ሬዲዮ የሚያቋርጠው እሱ ነው። ትንሽ ይታገሡ» አለኝ።

«ፀሐይንም የምትጠግናት አንተ ነህ?» አልኩት። ሰው ሳቀበት።

ቤት ስገባ ሬዲዮው ማንም ሳይነካው መናገር ጀመረ።

እኛ ስንማር ፀሐይ ታበራለች፣ ታሞቃለች ተባልን እንጂ ሬዲዮ ትዘጋለች ያለን መምህር አልነበረም። አሁንም አልገባኝም።

ሰው ፊት የበደልኩትን ግን ጓዳ ገብቼ «አፉ በለኝ» ማለት አይሆንም። ገበያተኛው ሳይበተን ወደ ሱቁ ተመልሼ እየሄድኩ ነው።

እናንተስ ዛሬ ሬዲዮ ተቋርጦባችሁ ማንን ተቆጣችሁ?