ሸምሲያ የቋጠረችው ቄጠማ

ሸምሲያ ከወሎ መጥታ ወሎ ሰፈር ዘመድ ቤት ካረፈች በሁለተኛው ዓመት ቄጠማ ማጨድ ጀመረች። አሁን ሃምሳን አልፋለች። "የኛን በዓል ካንቺ በላይ የሚጠብቅ የለም እኮ!" እያሉ የሚቀልዱባት ደንበኞች አሏት። "ዒድ ሲሆን ደግሞ እናንተ ትጠብቃላችሁ፤ ሳምቡሳዬን!" ትላቸዋለች።

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ የምታጭደው ከሕንጻዎቹ በታች፣ ወንዙ ዳር ካለው ረግረግ ነው። ስድስት አጫጆች ይጋሩታል፤ ተጣልተውበት አያውቁም። ለበዓል የምታቆየውን ቄጠማ ጫፉን ጠምዝዘህ ከቋጠርከው ሌላ ሰው ማጭድ አያሳርፍበትም። አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል፤ በዋዜማው የቀረ ወይም የዘገየ ሰው ካለ ጓደኛው ቋጠሮውን ያጭድለታል። ከስድስቱ አንዱ ሽፈራው ወገቡን በታመመ ጊዜ ሸምሲያ ሁለት በዓል አጭዳለታለች።

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቄጠማው መሃል ስትገባ አንድ ነገር እግሯ ሥር እሽሽ አለባት። ዝይ ናት፣ ግራጫ፣ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባት። ከሥሯ ስድስት እንቁላል አለ።

በዚያ ሰሞን ሰብሊ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወፍ ልትቆጥር ትመላለስ ነበር። ሸምሲያ ስትነግራት ልጅቷ ጭቃው ውስጥ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

"እትዬ ሸምሲያ፣ ይቺ ዝይ ከኛ አገር ደጋ በቀር የትም የለችም። ረግረጉ ሲደርቅ፣ ከብት ሲረግጠው ልትጠፋ ደርሳ ነበር። በስተሰሜን ረግረጉን ሲጠብቁላት ተራባች፤ አሁን ልጆቿ አዲስ ቦታ እየፈለጉ ነው። በዚህ በኩል ግን ጎጆ ያየ ሰው አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ይደረግላት?"

"ከፈለፈለች እዚህ ቤት ሠራች ማለት ነው። ካልሆነላት ግን ላትመለስ ትችላለች። ለማንም አይንገሩ፤ እንቁላሉን ይወስዱታል።"

ሸምሲያ አማናውን፣ አደራውን፣ ተቀበለች። ማንም እንዳይደርስበት በጎጆው ዙሪያ ያለውን ቄጠማ ሁሉ ቋጠረችው። ለሽፈራው እንኳ አልተናገረችም።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ለት ከሌላ ቦታ ያጨደችውን ይዛ በጠዋት ጉርድ ሾላ ወረደች። ሸጠች። ስትመለስ የታክሲው ሰልፍ ጉድ ነው፤ ረግረጉ ጋ የደረሰችው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከሩቅ ስታየው የሷ ቄጠማ ተላጭቷል። ሽፈራው ቁጢጥ ብሎ እስር ያስራል።

"የት ጠፋሽ? ገበያው ሊያመልጥሽ ነው ብዬ ያንቺን አጨድኩልሽ። በይ መርቂኝ!"

"ሽፌ፣ መሃሉ ጋ ምን አየህ?"

"ኧረ ተይኝ! አንዲት ዝይ ብር ብላ ልቤን ልታቆመው! እንቁላል ሳይ ማጭዴን ጥዬ ወጣሁ። አንቺ ታውቂ ነበር እንዴ?"

"አደራ ተብዬ ነዋ።"

"ከኔም?" አለ። ቅር ብሎታል።

እንቁላሉ አልተነካም፤ ግን ሜዳ ላይ ቀርቷል፣ ቁራዎችም እያንዣበቡ ነው። ሰብሊ በስልክ፣ "እንቁላሉን እንዳትነኩት፤ ከለላ ሥሩለትና ራቁ" አለቻት። ሸምሲያ እስሮቹን አየቻቸው። አሥራ አራት ናቸው፤ ለማታው ገበያ የቀራት ይኸው ነው። አንዱን አንስታ ጎጆው አጠገብ ጭቃው ውስጥ ሰካችው።

"ምን ነካሽ? በዓል እኮ ነው!"

"አንተ ያንተን ይዘህ ውጣ፤ ይመሽብሃል።"

አልወጣም። እያጉረመረመ ሁለት ሁለት እስር ያቀብላት ጀመር። በውሃው በኩል ብቻ ለዝይዋ መግቢያ ተዉላትና ዳገቱ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ወንዱ ዝይ አንገቱን ጀርባው ላይ አስተኝቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሣሩን ይግጣል። ሴቷ ግን የለችም። አንድ ቁራ እስሩ ላይ አረፈ፤ ሽፈራው በጓል አባረረው።

"ባትመጣስ?" አለ።

"እኔ እንጃ።"

ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። መግቢያው ላይ ቆማ አንገቷን ወዲያ ወዲህ አለች፤ ከዚያ ገባች። ሸምሲያ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ሽፈራው አማተበ። የዚያን ለት ማታ ሁለቱም ቄጠማ አልሸጡም።

መስከረም ስምንት ቀን ማለዳ ስልኳ ጮኸ፤ ሽፈራው ነው።

"ውረጂ! ይዛቸው ውሃ ገብታለች። አምስት ናቸው!"

"ስድስት አልነበር?"

"አንዱ አልፈለፈለም። ለሰብሊ ንገሪያት እንጂ!"

"አንተ ደውልላት ሽፌ" አለች ሸምሲያ ጫማዋን እየፈለገች። "አደራው ያንተም ነው።"