ሰባተኛው ፎቶግራፍ

ባለፈው በጋ ከእህቴ ቤት ያመጣሁትን የብስኩት ቆርቆሮ ስከፍት ኮምጣጤ የሚመስል ሽታ ሰነፈጠኝ። ያረጀ ፊልም ሲበላሽ እንዲህ እንደሚሸት የነገረኝ ምስሎቹን ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠልኝ ወጣት ነው። እኔ ግን ሽታውን ከልጅነቴ፣ ጋምቤላ ከነበረው ቤታችን፣ ከአባቴ የመድኃኒት ሣጥን አጠገብ የማውቀው መሰለኝ። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ፊልሙ ያኔ አዲስ ነበርና። አንባቢም ከዚህ በታች የምጽፈውን በዚሁ ጥርጣሬ እንዲያነበው እለምናለሁ። ምንጮቼ በቆርቆሮው ውስጥ የተገኙት ሰባት ነጌቲቮች፣ በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ በላይነሽ የምትነግረኝ፣ እንዲሁም የራሴ ትውስታ ናቸው። ከሁሉም ደካማው የመጨረሻው ነው፤ ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

አባቴ በከተማዋ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበር። እናቴን ከጎሬ በላይ ካለ መንደር አግብቶ ወደ ጋምቤላ ይዟት የወረደው እኔ ከመወለዴ በፊት ሲሆን፣ ካሜራውን የገዛው ወደ ሱዳን ከሚመለስ ነጋዴ ነበር። የቆዳ ሆዱ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው ያ ካሜራ በአንድ ጥቅል ፊልም ስምንት ምስል ብቻ ይይዝ ነበር። አባቴ አንድ ሰው ባነሳ ቁጥር ቁልፉን እያጠነጠነ፣ ቀጣዩ ቁጥር ከኋላ ባለችው ትንሽ ቀይ መስኮት እስኪታየው ድረስ ይጠብቅ ነበር። ፊልም ከአዲስ አበባ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣለት ነው፤ ሙቀቱ እንዳያበላሸው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከውሃ እንስራው ጥግ ያኖረው ነበር።

በዚያ ክረምት የባሮ ወንዝ ሞልቶ፣ መንገዱ ተቆርጦ ሳለ እናቴን ወባ ጣላት። ለብዙ ሳምንታት ከአልጋ ሳትወርድ ቆይታ በመጨረሻ ስትነሳ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ፀጉሯ ረግፎ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ከደጋ የመጣ ዘመድ በሕይወት ሲያገኛት ደነገጠ፤ እዚያ ሞታለች ተብሎ ተለቅሶላት፣ አያቴም፣ የእናቴ እናት፣ ከል ለብሳላት ነበርና። አባቴ ወዲያው ደብዳቤ ጻፈ። እናቴ ግን መጻፍ ስለማትችል፣ ወረቀቱ በአባቴ እጅ መጻፉ አያቴን ይበልጥ አስጠረጠራት። «ጽሕፈቱ የእሱ ነው፤ የሞተችውንም ደኅና ናት ብሎ ይጽፋል። መልኳን ሳላይ ከሌን አላወልቅም» ብላ መላኳን እህቴ በደንብ ታስታውሳለች። እናቴ ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብ እንኳ ድንገት ቆም ትልና «እኔ እየበላሁ እናቴ ታለቅስልኛለች» ትል ነበር።

በጋው ገብቶ የባሮ አሸዋ ብቅ ብቅ ሲል አባቴ ካሜራውን አወጣ። ስድስቱ ምስል በአንድ ባልደረባው ሠርግ ላይ አልቆ የቀረው ሁለት ብቻ ነበር። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ ሸፍና፣ ከግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር በወንበር ተቀመጠች፤ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ እንደ ተከሰሰ ሰው ወደ ካሜራው ትመለከት ነበር። አባቴም አነሳት። እሷ ከወንበሩ ስትነሳ ጎረቤታችን አጁሉ ከወንዙ የቀዳችውን ውሃ በባልዲ በአናቷ ተሸክማ ወደ ግቢው ገባች። አጁሉ የአኝዋክ ተወላጅ ነበረች፤ በእነዚያ የወባ ሳምንታት እናቴን ያስታመመች፣ እኛንም ልጆቹን ዓሣ እየቀቀለች ያበላች እሷ ነበረች።

«እሷንም አንሳት እንጂ» አለች እናቴ።

አባቴ ወንበሩን እያመለከተ «ነይ አጁሉ፣ ላንሳሽ» አላት።

አጁሉ ባልዲዋን አውርዳ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አማርኛዋ እኛ ከምንሞክረው የአኝዋክ ቋንቋ እጅግ የተሻለ ነበር፤ እኛ ከሰላምታ አናልፍም ነበርና። ማንሳት የሚለውን ቃል ግን የምታውቀው ለባልዲና ለሕፃን ብቻ ነበር።

«ሐኪም፣ አንተ ቀጭን! እኔን ታነሳለህ? ወገብህ ነው የሚሰበረው።»

«በእጄ አይደለም እኮ፤ በካሜራ ነው።»

«በዚች ትንሽ ዕቃ? እሷ ከቻለች ባልዲውንም ጨምራ ታንሳ!»

እናቴ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። አባቴም እየሳቀ፣ አጁሉንም ተቀምጣ እንደሳቀች አነሳት፤ ቁልፉን ግን በመካከሉ አላጠነጠነውም ነበር። ፊልሙ አልቋል ብሎም መስኮቷን ሳያይ እስከ ጫፉ ጠቀለለው።

ፊልሙ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ታጥቦና ታትሞ የተመለሰው የካቲት ገደማ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ነው። በእኛ ግቢ ፎቶግራፍ በእጅ አይነካም ነበር፤ አባቴ በሰፌድ ላይ ደርድሮ ያወጣና ሰፌዱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየዞረ፣ ሁሉም አጎንብሶ ራሱን ይፈልግ ነበር። በዚያ ቀን ሰፌዱ አባቴ እጅ ላይ እንዳለ ቆመ። በሰባተኛው ፎቶግራፍ ሁለቱ ምስሎች ተደራርበው፣ በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ፊቷን ኮስተር አድርጋለች፣ ሌላዋ ከጎኗ ትንሽ ዘንበል ብላ ትስቃለች፤ ትከሻቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋል፤ የማንጎው ቅጠል ደግሞ በሁለቱም ደረት ላይ ይታያል። ስምንተኛው ባዶ ነበር።

አጁሉ አጎንብሳ አየችውና «አየህ ሐኪም? አነሳኸኝ፤ ወስደህ አስካለ ላይ አስቀመጥከኝ!» አለች።

አስካለ የእናቴ ስም ነው። በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀችም፤ እህቴ እንደምትለው አለቀሰች፤ እኔ ዕንባዋን አላስታውስም። የማስታውሰው አባቴ ሌላ ፊልም ከመጪው ክረምት በፊት እንደማይገኝ እየነገራት፣ «ይህን ብንልክ መንፈሷ ነው ይላሉ፤ ይብስባቸዋል» ማለቱን ነው።

እናቴ ግን «ላክልኝ» አለችው። «እናቴ እኔን ከሰው መካከል ለይታ ታውቀኛለች።»

ፎቶግራፉን ወደ ደጋ ይዞት የወጣው አቶ ይማም የሚባል ነጋዴ ነበር። እናቴም ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በኩል መኪና በተሰማ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ወደ በሩ ትወጣ ነበር። አቶ ይማም የተመለሰው ማንጎው በስሎ መርገፍ ሲጀምር ነው። ከበሩ ሳይገባ «እትዬ አስካለ፣ እናትዎ ከሉን አውልቀዋል!» ብሎ ጮኸ፤ እናቴም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በቅርቡ ያንን ምስል የእህቴ ልጅ በስልኳ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ላከችው፤ በማግሥቱም ፑኝዶ ከተማ ከምታስተምረው ከአጁሉ የልጅ ልጅ «አባባ፣ አያቴ የትኛዋ ናት?» የሚል መልእክት ደረሰኝ። «የምትስቀው» ብዬ መለስኩላት፤ በእርግጠኝነት ከጻፍኳቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ይህ ነው። አሁን ከሕመም ያገገመች ሴት ፊቷን ለእናቷ በዚያው ዕለት፣ ከነድምጿ ልታሳያት ትችላለች፤ ያኔ አንድ ሳቅ ከጋምቤላ ተነሥቶ የአያቴ ደጃፍ እስኪደርስ በጋው አልቆ ነበር። የቀድሞው ይሻል ነበር አልልም፤ ያን መጠበቅ ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይገባውም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ላረጋግጥ አልቻልኩም። አቶ ይማም እንደ ነገረን፣ ዓይኗ ደክሞ የነበረው አያቴ ፎቶግራፉን ወደ ደጅ ይዛው ወጥታ፣ ብርሃን ላይ ብዙ ካየችው በኋላ ጣቷን ከአንደኛዋ ፊት ላይ አሳርፋ «ይቺ ናት ልጄ» አለች። በየትኛዋ ፊት ላይ እንደሆነ እሱ አልተናገረም፤ እናቴም አልጠየቀችውም። እህቴ ከዚህ የተጨመረ ቃል የለም ትላለች። እኔ ግን አቶ ይማም «አያታችሁ ‹ሳቋን እዩት› አሉ» ማለቱን የሰማሁ ይመስለኛል፤ ይመስለኛል ብቻ።